ሌሊት ማን ይነሣል? ለትንሽ የኢንጂነሪንግ ቡድን የተረኛ መጥሪያ ሶፍትዌር ስለመምረጥ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ስድስት መሐንዲሶች ያሉት ቡድን ቀንና ሌሊት የሚሠራ አንድ አገልግሎት ያስተዳድራል። ክትትሉን የሚያካሂደው በፕሮሜቴየስ (የሰርቨሮችን መለኪያ ሰብስቦ ማስጠንቀቂያ በሚያነሣው) እና በግራፋና (መለኪያዎቹን በሥዕል በሚያሳየው) ሲሆን ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ወደ አንድ የስላክ (የቡድን መልእክት መለዋወጫ) ቻናልና ወደ አንድ የጋራ ኢሜይል ይሄዳሉ። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የዳታቤዙ ዲስክ ሞልቶ አገልግሎቱ ቆመ። ማስጠንቀቂያው በሰዓቱ ቻናሉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያየው ሰው ግን ስላልነበረ ችግሩ የታወቀው ጠዋት ደንበኞች መደወል ሲጀምሩ ነው። ጠያቂው ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፦ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ? ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) የሆነውን በራሳችን ሰርቨር ላይ ብናስኬደው አይሻልም ወይ? የቡድኑ መሪስ ተራ ውስጥ መግባት አለበት?

ያን ሌሊት የጎደላችሁ ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ የጎደለው የሚጠራ ስም ነው። ለስድስት ሰው የተላከን መልእክት እያንዳንዱ «ሌላው አይቶት ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌሊት ደግሞ ያም እንኳ የለም፣ ሁሉም ተኝቷል። ስለዚህ የምትመርጡት ሶፍትዌር ዋና ሥራው አንድ ነው፦ በዚያች ደቂቃ ተረኛ የሆነውን ሰው በስሙ መጥራት፣ እስኪነሣ ድረስ መወትወት፣ ካልተነሣም ማንም ሳያዘው ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ። ሻጮች የሚያቀርቡት የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ብዙ መስመር አለው፤ የሪፖርት ገጽ፣ የደንበኞች ማሳወቂያ ገጽ፣ ችግሩን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠቃልል ረዳትና ሌላም ሌላም ይደረደርበታል። እነዚህ መጥፎ አይደሉም፤ ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩትን ሥራ በእርግጠኝነት የማይሠራ ሶፍትዌር በእነዚህ ሊካስ አይችልም፤ የሚሠራውን ደግሞ ያለ እነዚህም ብትይዙት አትጎዱም።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን የራሳችሁን ሌሊት አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ ብታዩት እወዳለሁ። ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይሞላም። ቀናት እየቆጠረ ነው የሚሞላው፤ የናንተም ዲስክ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሙሉ ከሆነ፣ ምናልባትም በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችሁም ኮምፒውተራችሁ ፊት ተቀምጣችሁ ሳለ፣ መድረሻው በግልጽ ይታይ ነበር። ፕሮሜቴየስ ውስጥ ፕረዲክት ሊኒየር የሚባል ፈንክሽን አለ። ያለፉትን ጥቂት ሰዓታት አካሄድ አይቶ «ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ዲስኩ ከአራት ቀን በኋላ ባዶ ቦታ ይኖረዋል ወይ?» የሚለውን ያሰላል። በዚህ ላይ የተመሠረተ የማስጠንቀቂያ ሕግ ቢኖራችሁ ኖሮ ጉዳዩ በሥራ ሰዓት የሚከናወን ተራ ሥራ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ ከሶፍትዌሩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ስለሚወስን ነው። የምትገዙት ሶፍትዌር ቢያንስ ሁለት መንገድ ለይቶ ማወቅ አለበት፦ አንዱ አሁኑኑ ሰው የሚቀሰቅስ፣ ሌላው ጠዋት ሥራ ሲጀመር ብቻ የሚታይ። ሁሉንም ማስጠንቀቂያ በአንድ ድምፅ የሚጮኽ ሥርዓት ስታስገቡ ተረኞቹ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን ያጠፉታል፤ ያኔ ገንዘብ ከፍላችሁ ወደ ስላኩ ቻናል ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ የደቂቃ ሒሳብ እንሥራ፤ ብዙ ቡድኖች ይህን ሳይሠሩ ነው የሚገዙት። ፕሮሜቴየስ ቅንብሩ ካልተነካ መረጃ የሚሰበስበው በየ1 ደቂቃው ነው፤ የማስጠንቀቂያ ሕጎቹንም የሚመዝነው እንዲሁ በየ1 ደቂቃው ነው። ሕጉ ላይ «ለ5 ደቂቃ ከቀጠለ» የሚል መጠበቂያ ከተጻፈ እሱም ይጨመራል። ከዚያ የፕሮሜቴየስን ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው አለርትማኔጀር ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያዎችን በአንድ ለማሰባሰብ ካልነካችሁት ሌላ 30 ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ አገልግሎቱ ከቆመበት ቅጽበት አንሥቶ የመጥሪያው ሶፍትዌር ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ብቻ እስከ 7 ደቂቃ ተኩል ሊያልፍ ይችላል። የመጀመሪያው ተረኛ ለ10 ደቂቃ ካልመለሰ ወደ ሁለተኛው እንዲያልፍ አድርጋችኋል እንበል፤ ሁለተኛው በ2 ደቂቃ ስልኩን ቢያነሣ፣ ከአልጋ ወርዶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለመግባት 5 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ማንም ገና ምንም ሳይነካ 24 ደቂቃ ተኩል አለፈ። ለደንበኞቻችሁ በወር 99.9 በመቶ እንሠራለን ብላችሁ ከሆነ፣ በ30 ቀን ውስጥ የተፈቀደላችሁ መቋረጥ 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ ከግማሹ በላይ ሰው በመጥራት ብቻ አለቀ ማለት ነው። 99.99 በመቶ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ያላችሁ 4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነውና ነገሩ በሰው መቀስቀስ የሚደረስበት አይደለም፤ ያንን ቃል ከመግባታችሁ በፊት አስቡበት። እኔ ብሆን በእውነት ሰው ለሚቀሰቅሱት ጥቂት ሕጎች ብቻ መጠበቂያውን ወደ 2 ደቂቃ፣ ወደ ሁለተኛው ሰው ማለፊያውን ደግሞ ወደ 5 ደቂቃ አወርደዋለሁ፤ የቀሩትን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ፤ ምርጫው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። በሥራ ሰዓት፣ ጠረጴዛ ላይ ባለ ስልክ ሲሞከር ሁሉም አፕ ይጮኻል። ፈተናው ስልኩ ድምፅ አልባ ሆኖ፣ «አትረብሹኝ» የሚለው ቅንብር በርቶ፣ ለአራት ሰዓት ሳይነካ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 12 ወዲህ፣ «ክሪቲካል አለርት» የሚባል ልዩ ፈቃድ አለ፤ አፑ ይህን ፈቃድ ከአፕል ያገኘ ከሆነና ተጠቃሚውም ከፈቀደለት፣ ስልኩ ድምፅ አልባ ቢሆንም ይጮኻል። አንድሮይድ ላይ አፑ «አትረብሹኝ» የሚለውን እንዲያልፍ ከስልኩ ቅንብር ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ የባትሪ ቁጠባው አፑን ከበስተጀርባ እንዳያስተኛው መከልከል አለበት። ይህ ሁለተኛው በጣም ይረሳል። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቡድን ውስጥ አዲስ ስልክ የገዛ ባልደረባችን ለሦስት ቀን ተረኛ ሆኖ አንድም ጥሪ አልደረሰውም፤ ሳምንቱ ሰላም የሆነ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት የተጠራሁት ሁለተኛ ተረኛ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ስልኩን ተቀብለን ስናየው ኖቲፊኬሽኖቹ ሁሉ አፑን በከፈትንበት ቅጽበት ተግተልትለው ገቡ፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን አስተኝቶት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አፕ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። የመረጣችሁት አገልግሎት በእውነተኛ የስልክ ጥሪ መደወል መቻል አለበት፤ እሱም እናንተ በምትኖሩበት አገርና በምትጠቀሙበት የስልክ ኔትወርክ ላይ መሞከር አለበት። አጭር የጽሑፍ መልእክት ለመጠባበቂያ ትሁን እንጂ ዋና አትሁን፤ በኔትወርክ መጨናነቅ ጊዜ ትዘገያለች፣ ሰውንም ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ድምፅዋ አጭር ነው። ብዙዎቹ አገልግሎቶች የሚደውሉባቸውን ቁጥሮች ሰብስበው በአንድ የአድራሻ ፋይል ይሰጣሉና ፋይሉን ስልካችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ለእነዚያ ቁጥሮች ብቻ ሁልጊዜ እንዲጮኽ ፍቀዱላቸው። አይፎን ላይ ከአንድ ቁጥር በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣ «አትረብሹኝ»ን አልፎ እንዲጮኽ የሚያደርግ ቅንብርም አለ፤ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ የሚደውል ሥርዓት ካቀናጃችሁ ይህ ራሱ ሁለተኛ መከላከያ ይሆናችኋል፤ አገልግሎቱ ከተለያየ ቁጥር የሚደውል ከሆነ ግን አይሠራም።

ከጥሪው ቀጥሎ ያለው «ተቀብያለሁ» የምትለው ቁልፍ ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ መዘዝ ግን ያለው እሷ ላይ ነው። በእንቅልፍ ልብ ስልኩን አንሥቶ ቁልፏን ነክቶ መልሶ መተኛት የተለመደ ነገር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ጠዋትም አላስታወስኩትም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የተቀባይነት ጊዜ ገደብ ሊኖረው ይገባል፦ ተረኛው «ተቀብያለሁ» ካለ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ችግሩ ካልተዘጋ ወይም ጊዜው ካልተራዘመ ጥሪው እንደገና ይጀምር። ሌላው መፈተሽ ያለበት የድምፅ መልእክት ሳጥን ነው። ስልኩ ተዘግቶ ጥሪውን የመልእክት ሳጥኑ ሲያነሣው ሶፍትዌሩ «ሰው አንሥቷል» ብሎ እንዳያርፍ፣ መቀበል የሚቆጠረው ቁጥር ሲጫን ብቻ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የተራ ሠንጠረዡን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የታወቁት አገልግሎቶች ሁሉ ይህን በአግባቡ ይሠሩታል። አንድ ነገር ብቻ ልዩነት ያመጣል፤ ሰው ተራውን ለሌላ ለመስጠት ስንት ጊዜ መንካት ይጠበቅበታል? ልጁ ለታመመበት ሰው ከስልኩ ላይ በግማሽ ደቂቃ «ዛሬ ማታ እገሌ ይተካኛል» ማለት ካልቻለ፣ መተካካቱ በቃል ይሆናል፤ በቃል የተደረገውን ደግሞ ሶፍትዌሩ አያውቀውም፤ ሌሊት የሚጠራው የታመመ ልጅ ያቀፈውን ሰው ይሆናል። በተለያየ የሰዓት ክልል የሚኖሩ አባላት ካላችሁ ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ሰው ሰዓት መታየቱን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት የሚቀይሩ አገሮች ላይ ያሉትንም በትክክል መያዙን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ በራስ ሰርቨር ስለማስኬድ፣ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሐሳቡ ክብር ይገባዋል፤ ክፍያ የለውም፣ መረጃው ከእጅ አይወጣም፣ መሐንዲስም የራሱን ነገር ማቆም ይወዳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የመጥሪያ ሥርዓት ከሚጠብቀው ነገር ጋር አብሮ መውደቅ የለበትም። ይህ በትልልቆቹም ላይ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን ኤስስሪ የማከማቻ አገልግሎት በተቋረጠ ጊዜ፣ ኩባንያው የአገልግሎቱን ሁኔታ ለደንበኞች የሚያሳውቅበትን ገጽ ማስተካከል አልቻለም ነበር፤ ምክንያቱም ገጹን የሚያስተዳድረው መሣሪያ ራሱ በኤስስሪ ላይ የተደገፈ ነበር። እናንተም መጥሪያውን አገልግሎታችሁ በሚሠራበት በዚያው ክላስተር (የሰርቨሮች ስብስብ)፣ በዚያው ዳታሴንተር ካቆማችሁት፣ ሁሉ ሰላም ሲሆን በሚገባ ይሠራል፤ ክላስተሩ ሲወድቅ ግን አብሮት ይወድቃል። ስለዚህ በራስ ማስኬድ ማለት ቢያንስ በሌላ አቅራቢ ዘንድ፣ በሌላ ኔትወርክ፣ በሌላ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚመልስ ሥርዓት) ላይ ሁለተኛ መሠረተ ልማት መያዝ ማለት ነው፤ እሱንም ማደስ፣ ባክአፕ ማድረግ፣ የደኅንነት ማሻሻያውን መከታተል። ስልክ መደወሉንም ቢሆን ከራሳችሁ ማድረግ አትችሉም፤ እንደ ትዊልዮ ካለ አቅራቢ ዘንድ አካውንት ከፍታችሁ በየጥሪው መክፈል አለባችሁ። ስድስት ሰው ላለው ቡድን ይህ ሁሉ ድካም ከወርኃዊው ክፍያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ላይ ኦፕን ሶርስ መሆን ዕድሜን አያረጋግጥም። ብዙ ትናንሽ ቡድኖች የተማመኑበት የግራፋና መጥሪያ፣ ግራፋና ኦንኮል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ማርች 2025 ላይ ግን ክፍት የሆነው እትም ጥገና ብቻ የሚደረግለት ሆነ፤ ማርች 2026 ደግሞ ወደ መዝገብ የሚገባበት፣ ማለትም ጥገናውም የሚያበቃበት፣ ወር ተብሎ ተወሰነ። አብሮት የሚቋረጠው በግራፋና ክላውድ በኩል ይመጣ የነበረው የስልክ ጥሪ፣ የጽሑፍ መልእክትና የአፕ ኖቲፊኬሽን ነው። ስለዚህ ግራፋናን ስለምትጠቀሙ ብቻ ተፈጥሯዊው ምርጫ እሱ ነው ብላችሁ አሁን አትጀምሩበት። በራሳችን ካላስኬድን ሞተን እንገኛለን የምትሉ ከሆነ ጎአለርትን እዩት፤ ታርጌት የተባለው የችርቻሮ ኩባንያ መሐንዲሶች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉም የለቀቁት ነው፤ የሚፈልገው ፖስትግሬስ ዳታቤዝና ለስልኩ የትዊልዮ አካውንት ነው፤ ተራ ማውጣትን፣ ወደ ሁለተኛ ሰው ማለፍንና መደወልን ይሠራል፤ ሌላ ጌጥ የለውም። በእኔ ሚዛን ጌጥ አለመኖሩ ጉድለት አይደለም።

በኪራይ የሚሰጡት አገልግሎቶችም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። ኦፕስጂኒን ብዙ ጽሑፎች እስካሁን ለትንሽ ቡድን ይመክሩታል፤ እናንተ ግን ከዝርዝራችሁ አውጡት። አትላሲያን እ.ኤ.አ. በ2018 በ295 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር፤ ከጁን 2025 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ መሸጡን አቁሟል፤ ኤፕሪል 2027 ላይ ደግሞ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ አስታውቋል። ሌላው መጥሪያ ቪክተርኦፕስ በዚያው በ2018 በስፕላንክ ተገዝቶ ስሙ ስፕላንክ ኦንኮል ሆነ፤ ስፕላንክን ራሱን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲስኮ ጠቀለለው። ሌላውን መጥሪያ ስኳድካስትን በ2025 ሶላርዊንድስ ገዛው። መገዛት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የሚያሳየን ግን ዛሬ የምትመርጡት አገልግሎት በአምስት ዓመት ውስጥ ስሙም ዋጋውም ባለቤቱም ሊቀየር እንደሚችል ነው። ለዚህ የሚበጀው መድኃኒት የማይሸጥ ኩባንያ ፍለጋ መዞር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ኩባንያ የለም። መድኃኒቱ መውጣትን ማቅለል ነው። የማስጠንቀቂያ ሕጎቻችሁን፣ ማሰባሰቡን፣ ማፈኑን ሁሉ ፕሮሜቴየስና አለርትማኔጀር ውስጥ አቆዩት፤ የተራውን ሠንጠረዥና የማለፊያ ደንቡን በቴራፎርም (ቅንብርን በኮድ ፋይል በሚይዝ መሣሪያ) ጽፋችሁ ከኮዳችሁ ጋር አስቀምጡት። ሻጩ «ሕጎቻችሁን በእኛ ገጽ ላይ ጻፉ፣ የእኛ ሞተር ያቧድንላችኋል» ሲላችሁ አመስግናችሁ እለፉት። በዚህ መንገድ ከያዛችሁት አገልግሎት መቀየር የአንድ ሳምንት ሥራ ይሆናል፤ ካልያዛችሁት ግን ማንም ያልመዘገበውን ቅንብር ከገጽ ላይ እየፈለጋችሁ መገልበጥ ነው።

እንግዲህ ስም ልጥራ። ሁለት አገልግሎቶችን ጎን ለጎን ሞክሩ። አንዱ ፔጀርዱቲ ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ በዚህ ሥራ ብዙ የቆየ፣ አለርትማኔጀርም ያለ ተጨማሪ ኮድ በቀጥታ የሚያናግረው ነው። ገጹ ለትልቅ ድርጅት የተሠራ ስለሆነ ለስድስት ሰው የሚበዛ ነገር አለው፤ ብዙ ጥቅሞችም ከፍ ባለው ክፍያ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ከእነዚህ አንዱ ይሁን፦ አይለርት፣ ቤተር ስታክ፣ ወይም የተረኛ መጥሪያውን እ.ኤ.አ. በ2024 የጨመረው ኢንሲደንት ዶት አይኦ። ከእነዚህ መካከል የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በእናንተ ስልክ በእናንተ ኔትወርክ ላይ ቶሎና ሳያስት የሚደውለው ነው እላለሁ፤ ይህን ደግሞ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም፣ የሙከራ ሳምንቱ ይነግራችኋል። ክፍያውን ስትጠይቁ አንድ ሰው በወር ስንት ከሚለው ባሻገር ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የስልክ ጥሪው ቁጥር ገደብ አለው ወይ? ተረኛ ያልሆነና ገጹን የሚያይ ብቻ ሰው ይከፈልበታል ወይ? በድርጅቱ የጋራ መግቢያ አካውንት መግባት በየትኛው የክፍያ ደረጃ ላይ ነው ያለው? የዋጋ ልዩነቱ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ውስጥ ነው።

የሙከራው ሳምንት እንዲህ ይሁን። ሐሙስ ማታ፣ ከስድስታችሁ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ሰዓት ላይ፣ እውነተኛ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ከፕሮሜቴየስ ራሱ ይላክ፤ ከሶፍትዌሩ ገጽ ላይ «ሞክር» የሚለውን መጫን አይቆጠርም፣ ግማሹን መንገድ ይዘላልና። ተረኛው ሆን ብሎ እንዳይመልስ ይነገረው፤ ሁለተኛው ሰው ግን ምንም አይነገረው። ጠዋት ሰዓቶቹን በወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ሕጉ መቼ ተቀሰቀሰ፣ አፑ መቼ ጮኸ፣ ስልኩ መቼ ተደወለ፣ ወደ ሁለተኛው መቼ አለፈ፣ እሱስ መቼ ተነሣ? በሚቀጥለው ሳምንት በሌላኛው አገልግሎት ይህንኑ ድገሙት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ምርጫው ያለ ስብሰባ ያልቃል።

ጠያቂው ያላነሡት፣ እኔ ግን ሳላነሣው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ የሚልከው ነገር ራሱ ሲሞት ማን ይናገራል? ፕሮሜቴየስ ቢወድቅ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ጸጥታ ደግሞ ሰላም ይመስላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ አንድ መሐንዲስ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ባጠፋ ጊዜ፣ ኩባንያው ባክአፑን ሊጠቀም ሲል ባክአፑ ሲከሽፍ መቆየቱ ታወቀ። ክሽፈቱን የሚናገሩት ኢሜይሎች ሲላኩ ነበር፤ ነገር ግን የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ሳያስገባቸው ይመልሳቸው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ገልብጡት። ሁልጊዜ የሚቀሰቀስ አንድ ባዶ ሕግ ጻፉ፣ በየደቂቃው ወደ ውጭ አገልግሎት ምልክት ይላክ፤ ምልክቱ ለ5 ደቂቃ ሲቋረጥ ያ የውጭ አገልግሎት ይጥራችሁ። የልብ ትርታ የሚባለው ይህ ነው፤ አብዛኞቹ የመጥሪያ አገልግሎቶች አላቸው፣ የሌለውን አትግዙ። ከተቻለ ደግሞ ይህን ጥበቃ ከመጥሪያው ሻጭ ሌላ በሆነ አገልግሎት ዘንድ አድርጉት፤ መጥሪያውም ሊወድቅ ይችላልና። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2022 አትላሲያን ላይ በደረሰው መቋረጥ 775 ያህል ደንበኞች፣ አንዳንዶቹ እስከ 14 ቀን፣ አገልግሎት አጥተው ነበር፤ ከተቋረጡት መካከል ኦፕስጂኒም ይገኝበታል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ አዎ፣ የቡድኑ መሪ ተራ ውስጥ ይግባ። የጉግል የሳይት ሪላያቢሊቲ (የአገልግሎት አስተማማኝነት) መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ቦታ ያለ ቡድን ዋናና ሁለተኛ ተረኛ አድርጎ በሳምንት ለመፈራረቅ ቢያንስ ስምንት ሰው ያስፈልገዋል ይላሉ፤ በአንድ የ12 ሰዓት ተራም ከሁለት በላይ ችግር እንዳይመጣ ይመክራሉ። እናንተ ስድስት ናችሁ፤ ከዚያ ላይ መሪውን ቀንሳችሁ አምስት ስትሆኑ፣ እያንዳንዱ በየአምስት ሳምንቱ አንዱን ዋና፣ አንዱን ሁለተኛ ሆኖ ያድራል ማለት ነው፤ ይህ ለረጅም ጊዜ አያዛልቅም። ከቁጥሩ በላይ ግን ሌላ ምክንያት አለኝ። የትኛው ማስጠንቀቂያ ይጥፋ፣ የትኛው ሥራ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ ብሎ የሚወስነው መሪው ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለማይረባ ነገር ተቀስቅሶ የማያውቅ ሰው ያንን ማስጠንቀቂያ ማስተካከልን ከሥራ ዝርዝሩ ግርጌ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ዋና ተረኛ እሱ ይሁን፤ ሶፍትዌሩ ገና አዲስ፣ የሐሰት ጥሪው ብዙ በሆነበት ሳምንት።